ከፎቶግራፍ የተሠራ የቤት ሞዴል በካርታ ላይ ቦታውን የሚያገኘው እንዴት ነው?



በመጠለያ ጣቢያ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ሳያይ አይቀርም። አንድ ቀን ጠዋት ቀያሾች ይመጡና ችካል ይቸክላሉ፤ በድንጋይ ላይ በነጭ ቀለም መስቀለኛ ምልክት ይቀባሉ፤ ሦስት እግር ባለው መቆሚያ ላይ መሣሪያ ተክለው ሲያነጣጥሩ ይውሉና ይሄዳሉ። ማታ ልጆች ችካሉን ነቅለው ይጫወቱበታል። የማገዶ ችግር ባለበት ቦታ ደረቅ እንጨት መሬት ላይ ተተክሎ ሲገኝ ወደ ምድጃ መሄዱም አያስገርምም። «ይህ እንጨት ምን ይሠራል?» ተብሎ ሲጠየቅ አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ ብዙ ጊዜ አይገኝምና፣ በዚህ እትም ጉዳዩን ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፎቶግራፍ ነው። አንድን ቤት ከአንድ ቦታ ሆነን ብቻ ፎቶ ብናነሳው የምናገኘው ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደን ደግመን ብናነሳው ግን፣ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ቅርብ ያለው የበሩ መቃን ብዙ፣ ራቅ ያለው ዛፍ ደግሞ ጥቂት ቦታ ለውጦ ይታያል። ሁለቱ ዓይኖቻችን ርቀትን የሚገምቱት በዚሁ መንገድ ነው። የቤቱን ዙሪያ እየዞርን፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ አድርገን ብናነሳ፣ ኮምፒዩተሩ በፎቶዎቹ ላይ ተመሳሳይ ነጥቦችን እየፈለገ የቤቱን ሙሉ ቅርጽ ይሠራል። እያዞሩ ከየአቅጣጫው የሚያዩት ቅርጽ ነው። ይህ ሞዴል ይባላል፤ ሙያው ደግሞ ፎቶግራሜትሪ፣ በፎቶግራፍ መለካት ማለት ነው።

ሙያው አዲስ አይደለም። አልብሬሽት ማይደንባወር የተባለ ጀርመናዊ የሕንፃ ባለሙያ በ1858 የቬትስላርን ካቴድራል ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ሲለካ ወድቆ ሊሞት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ «ሕንፃውን በእጅ ከመለካት ፎቶውን መለካት አይቻልም ወይ?» ብሎ ማሰብ ጀመረ፤ በ1885ም በበርሊን ይህንኑ ሥራ የሚሠራ መንግሥታዊ ተቋም ተመሠረተ። ያኔ በከባድ የመስታወት ፊልምና በብዙ ስሌት ይሠራ የነበረውን ዛሬ በእጅ ስልክ ፎቶና በአንድ ኮምፒዩተር መሥራት ይቻላል።

ሞዴሉ የማያውቃቸው ነገሮች

እንዲህ የተሠራ ሞዴል ሲያዩት እውነተኛውን ቤት ይመስላል። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን አያውቅም።

አንደኛ፣ መጠኑን አያውቅም። የክብሪት ቀፎን ከቅርብ፣ መጋዘንን ከሩቅ አንስተን ብንሠራ ኮምፒዩተሩ የትኛው ትልቅ እንደሆነ ከፎቶው ብቻ ሊለይ አይችልም። ሁለተኛ፣ አቋሙን አያውቅም፤ ወደ ላይ የትኛው እንደሆነ፣ በሩ ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ምዕራብ የሚያይ አይነግረንም። ሞዴሉ ሲከፈት ቤቱ በጎኑ ተጋድሞ ወይም ተገልብጦ የሚታየው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ የት እንዳለ አያውቅም። ገዳሪፍም ይሁን ጎንደር ለእርሱ አንድ ነው።

በገጠር የጎጆ ክዳን መሬት ላይ ተሠርቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያነሳው ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ክዳኑ አልቋል፤ ቅርጹም ጥሩ ነው። ነገር ግን ተሸክመው ወስደው፣ አዙረው፣ ቀጥ አድርገው ግድግዳው ላይ ካላስቀመጡት ቤት አይሆንም። የፎቶ ሞዴልም እንዲሁ መወሰድ፣ መዞርና መቃናት አለበት። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ሞዴሉን ማሳደግና ማሳነስም ይቻላል፣ ግድም ነው። የጎጆ ክዳን ይህን ቢችል ኖሮ አናጢዎች ብዙ ጭቅጭቅ በተረፋቸው ነበር።

ይህን የሚያደርጉት መቆጣጠሪያ ነጥቦች ናቸው። ቀያሹ የሚቀባው ነጭ መስቀል ከእነዚህ አንዱ ነው። የመስቀሉ መካከል ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት፣ ከፍታው ስንት እንደሆነ በመሣሪያ ይለካል፤ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ኮኦርዲኔት ይባላሉ። ያው መስቀል በፎቶዎቹ ላይ ይታያል። ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ባለሙያ በፎቶው ላይ መስቀሉን እያሳየ «ይህ ነጥብ ቁጥሩ ይህ ነው» ብሎ ይነግረዋል። በአንድ መስመር ላይ ያልተደረደሩ ሦስት እንዲህ ያሉ ነጥቦች ሲኖሩ መጠኑም፣ አቋሙም፣ ቦታውም በአንድ ጊዜ ይወሰናል።

ታዲያ ቀያሾች ከሦስት በላይ ለምን ይቀባሉ? ሦስት ነጥብ ብቻ ሲኖር ሞዴሉ ብዙ ጊዜ እሺ ይላልና ነው። ከሦስቱ አንዱ በስህተት ቢለካ ቤቱ በትንሹ ሊዛባና ማንም ላያውቅ ይችላል። አራተኛው ነጥብ በሥራው ውስጥ ሳይገባ ለብቻው ይቀመጥና በመጨረሻ ይጠየቃል፦ «ሞዴሉ እዚህ ነህ ይልሃል፤ በመሬት ላይ የተለካኸው የት ነው?» ልዩነቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሥራው ጥሩ ነው። ሁለት ሜትር ከሆነ ከአራቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። አራተኛ ነጥብ ሳይኖር «ትክክል ነው» ተብሎ የሚቀርብ ሥራ ቢያጋጥማችሁ መጠራጠር ነውር አይደለም።

ነጥብ የሚተከልበት ቦታም ምርጫ ይፈልጋል። በገዳሪፍ ሜዳ ያለው መሬት ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ በሚያዝያ የተተከለ ችካል በነሐሴ እዚያው ቦታ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ቀያሽ የውሃ ታንከር የተቀመጠበትን የኮንክሪት መሠረት ወይም የትምህርት ቤትን የሲሚንቶ ደረጃ የሚመርጠው።

የሰማይ መከፈትም ያስፈልጋል፤ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚሠራው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነውና። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ምሳሌ ናቸው። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዛማኒ ፕሮጀክት እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘርና በፎቶግራፍ መዝግቧቸዋል። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ሕንፃው በአለት ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ነው፤ ከሥሩ ሆነው ቀና ሲሉ የሚታየው ሰማይ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥም ነጥቦቹ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ክፍት ሰማይ ባለበት ይለካሉ፤ ከዚያ በኋላ በመነጽር መሣሪያ ማዕዘንና ርቀት እየተለካ ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳል።

ቁጥር ብቻውን ቦታ አይሆንም

እስከዚህ ያለውን የተከተለ ሰው ሥራው አለቀ ሊል ይችላል። አላለቀም። በአካባቢያችን ብዙ ስህተት የሚሠራው ከዚህ በኋላ ባለው ነውና እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ኮኦርዲኔት ከአንድ መነሻ የተቆጠረ ርቀት ነው። «ከዛፉ መቶ እርምጃ» ብንል የትኛው ዛፍ እንደሆነ ካልተናገርን ዋጋ የለውም። የኢትዮጵያም የሱዳንም የቆዩ ካርታዎች የሚቆጥሩበት «ዛፍ» አዲንዳን ይባላል። አዲንዳን በግብፅ ደቡብ ጫፍ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ፣ በናይል ዳር የነበረ የኑቢያ መንደር ነው። ቀያሾች በዚያ የመነሻ መስመር ለክተው የሦስት ማዕዘን ቅየሳውን በሱዳን በኩል ወደ ደቡብ ዘረጉት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተባብራ የዓባይን ተፋሰስ ስታጠና የተሠራው የቅየሳ መረብ ከዚሁ ጋር ተያያዘ። ባለ 1፡50,000 የኢትዮጵያ ካርታ ያገኘ ሰው ግርጌውን ቢያነብ የአዲንዳንን ስም ያገኘዋል።

መንደሩ ዛሬ የለም። የአስዋን ታላቁ ግድብ ውሃ በ1960ዎቹ እርሱንና ሌሎቹን የኑቢያ መንደሮች ሸፈናቸው። በዚያው ውሃ ከዋዲ ሐልፋ የተነሱት ሱዳናውያን ኑቢያውያን፣ 50,000 ያህል ሰዎች፣ ከ1964 ጀምሮ ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ መጥተው ሰፈሩ። ከመካከላችን ለሥራም ለገበያም የምንሄድባት አዲሲቷ ሐልፋ የእነርሱ ከተማ ናት። መንደሩ ቢሰጥምም ከእርሱ የተነሳው ስሌት አልጠፋም፤ ካርታዎቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

በዚያው ሐይቅ ዳር ከአዲንዳን ብዙ ሳይርቅ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች አሉ። እነዚህ ከ1964 እስከ 1968 ከ1,000 በላይ ብሎክ ሆነው ተቆርጠው ከነበሩበት 65 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከወንዙም 200 ሜትር ያህል ርቆ እንደገና ተተከሉ። ከዚያ በፊት በ1950ዎቹ የፈረንሳይ ባለሙያዎች በፎቶግራሜትሪ ለክተዋቸው ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ የጠዋት ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ስለምትገባ፣ አዲሱ ቦታ ሲመረጥ አቅጣጫው ሳይዞር መጠበቅ ነበረበት። ቅርጹና መጠኑ ያው ሆኖ ትንሽ ቢዞር ፀሐይዋ በሌላ ቀን በመጣች ነበር። ሞዴልን ወደ ቦታው ማስገባት ስንል የምናወራው በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚሠራ እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚቆጥረው ከአዲንዳን ሳይሆን ከምድር መሐል ነው፤ የሚጠቀምበት ሥርዓት ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 ይባላል። የሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ አንድ አይደሉም። በእኛ አካባቢ በዩ.ቲ.ኤም. ቁጥር በሁለቱ መካከል ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ከቆየ ካርታ የተወሰደ ቁጥር እንዳለ ወደ ጂ.ፒ.ኤስ. ቢገባ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራትቶ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? መጸዳጃ ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። በጋ ላይ ደረቅ የሚመስል፣ ክረምት ላይ ግን ውሃ የሚወርድበት ኾር በ200 ሜትር ስህተት ከቤቶች ራቅ ብሎ ሊታይ፣ ወይም ቤት የሚሠራበት ቦታ በኾሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አራተኛው ነጥብ ይህን ስህተት አለመያዙ ነው። አራቱም ነጥቦች ከአንድ የተሳሳተ ምንጭ ከመጡ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ሞዴሉም ሳይጣመም፣ መጠኑ ሳይጓደል፣ ሙሉ ሰፈሩ እንዳለ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ይህን የሚያጋልጠው በካርታው ላይ የታወቀ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ድልድይ ወይም የመንገድ መገናኛ፣ ላይ በአካል ቆሞ በሌላ መንገድ የተገኘ ቁጥር ማመሳከር ብቻ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይህ ደግሞ በተለይ የእኛው አካባቢ ነው። የዩ.ቲ.ኤም. ሥርዓት ምድርን ከሰሜን ወደ ደቡብ በ60 ዞኖች ይከፍላታል፤ የእያንዳንዱ ስፋት 6 ዲግሪ ነው። 36ኛው ዞን የሚያበቃውና 37ኛው የሚጀምረው በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ይህ መስመር ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ከዶካ አልፎ፣ ጋላባት ሳይደርስ ይሻገራል። ገዳሪፍ በ36ኛው፣ ጋላባትና መተማ፣ ሐምዳይትና ሑመራም በ37ኛው ዞን ውስጥ ናቸው። በመስመሩ ላይ የቆመ ሰው በ36ኛው ዞን ቢቆጠር የምሥራቅ ቁጥሩ ወደ 825,000 ሜትር ነው፤ በ37ኛው ቢቆጠር ደግሞ ወደ 175,000 ነው። ሰውየው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የዞኑ ቁጥር ሳይጻፍ «ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ሰሜን ይህን ያህል» ብቻ ተብሎ ቢላክስ? በመተማ የተለካ ቤት በ36ኛው ዞን ቢነበብ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄዶ ኮርዶፋን ውስጥ፣ ከኤል ኦቤይድ ከተማ በስተደቡብ ይወድቃል። ይህ ስህተት ቢያንስ ትልቅ ስለሆነ ወዲያው ይታያል። የሚያስፈራው ትንሹ ነው፤ የ200 ሜትሩ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ባጭሩ እንጥቀስ። ክብ ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስትዘረጋ በዞኑ ጠርዝ አካባቢ ርቀት ትንሽ ይለጠጣል። በ36 ዲግሪው መስመር አጠገብ በሜትር የለካነው 100 ሜትር በካርታው ቁጥር 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ለአንድ ጎጆ ምንም አይደለም፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር የውሃ ቧንቧ ግን ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ከፍታም እንዲሁ ነው፤ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚሰጠው ከፍታ ከባሕር ጠለል የተቆጠረ አይደለምና ውሃ ወደየት እንደሚወርድ ለማወቅ ስሌት ወይም ውሃ ልክ ያስፈልጋል።

ቤቱን ራሱ መመዝገብ ለሚፈልግ

ብዙዎቻችን ጥለነው የመጣነው ቤት ፎቶ በስልካችን ውስጥ አለ። ከዚያ ፎቶ ሞዴል መሥራት ይቻላል ወይ? ከየአቅጣጫው የተነሱ፣ እርስ በርስ የሚደራረቡ ብዙ ፎቶዎች ካሉ ይቻላል። መጠኑን ለማግኘት በፎቶው ላይ የሚታይ ርዝመቱ የታወቀ ነገር በቂ ነው፤ የበሩን ወርድ የሠራው አናጢ ያስታውሰዋል። ቀጥታውን ከግድግዳው ማዕዘን ማውጣት ይቻላል። ለቦታው ደግሞ ማንም ሰው ወደዚያ ሳይሄድ ከሳተላይት ፎቶ ላይ የጣሪያውን ማዕዘን፣ የመንገዱን መገናኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን ጥግ ለይቶ እንደ መቆጣጠሪያ ነጥብ መጠቀም ይቻላል። ጥቂት ሜትር መሳሳቱ አይቀርም። ይህ የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀትን አይተካም፤ የትኛው ቤት የት እንደነበረና ምን ይመስል እንደነበረ ለማስረዳት ግን ከቃል ይሻላል። ዋናውን ፎቶ ሳትቆርጡ፣ ሳታሳምሩ አስቀምጡት። በሌላ ስልክ ተልኮ የተመለሰ ፎቶ ብዙ ጊዜ ጥራቱ ይቀንሳል፤ በውስጡ የነበረው ቀንና ቦታም ሊጠፋ ይችላል።

አሁን የምትኖሩበትን መጠለያ ለመመዝገብ የምትፈልጉ ደግሞ ርዝመቱ በትክክል አንድ ሜትር የሆነ ዘንግ ግድግዳው ላይ አስደግፉ፤ ቱንቢ ስቀሉ፤ ሰሜንን በወረቀት ቀስት አሳዩ። በእነዚህ ሦስት ነገሮች መጠኑም አቋሙም ይገኛል፤ የሚቀረው ቦታው ብቻ ነው። የስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. ክፍት ሰማይ ባለበት እንኳ አምስት ሜትር ያህል ሊሳሳት ስለሚችል መጠለያዎች በተጠጋጉበት ሰፈር ቤታችሁን ከጎረቤት ቤት ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ለዚህ ነው የቀያሹ መስቀል በፎቶው ውስጥ ቢገባ የሚጠቅመው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። ስልካችሁ የቆማችሁበትን ቦታ በፎቶው ውስጥ ጽፎ ሊያስቀምጥ ይችላልና ለማታውቁት ሰው ዋናውን ፎቶ ከመላካችሁ በፊት አስቡበት። ሁለተኛ፣ ሱዳን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ገብታለች። በአየር የሚበር ካሜራ ሰውን ያስደነግጣል፤ በእጅ የሚያዝ ካሜራም ያስጠይቃል። የፈቃድ ጉዳይን ሳታጣሩ፣ የጎረቤትንም ፈቃድ ሳትጠይቁ ከራሳችሁ ግቢ ውጭ አታንሱ።

ስለ ችካሉ የቀረን አንድ ነገር ነው። ልጆች ነቅለውት ብታገኙ፣ ወይም ጎርፍ አጋድሞት ብታዩ፣ ወደ ጉድጓዱ መልሳችሁ አትትከሉት። የጠፋ ችካል ቀያሹ ያውቀዋል፤ በሌላ ነጥብ ይሠራል። በቅን ልቦና አንድ ክንድ ጎን የተተከለ ችካል ግን እውነተኛ መስሎት ይለካበታል። እንጨቱን ባለበት ተዉትና ለሰፈራችሁ ተጠሪ ንገሩ፤ መቼ እንደተነቀለም ጨምሩ፤ ቀያሹ በመጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።